የቶፊ ቀንና የልብስ ሰፊዋ መቀስ

የዚያን ማክሰኞ ከሰዓት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው ዘጠኝ ሰዎች ነን። ከአዛውንቶቹ አምስት ነበሩ፦ አባታቸው በሮተርዳም ገበያ ከረሜላ እያፈሉ ይሸጡ የነበሩት ሜፍራው የምንላቸው ወይዘሮ፣ ዕድሜያቸውን በመርከብ ላይ የጨረሱት ሜኔር የምንላቸው ሽማግሌ፣ ሁልጊዜ ጎን ለጎን የሚቀመጡትና እህትማማች የሚመስሉት ግን የማይዛመዱት ሁለት አሮጊቶች፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የሚያሸንፋቸው የቀድሞ አስተማሪ። ከሠራተኛ ደግሞ የመዝናኛውን ፕሮግራም የምታወጣው ወጣት፣ ከወጥ ቤት የመጣችው ሱሪናማዊት ባልደረባዬና እኔ። ዘጠነኛዋ ልጄ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ለጥቂት ሳምንት ሰው የምትረዱበት ቦታ ፈልጋችሁ ሥሩ ስላላቸው፣ እኔ ወደማጸዳበት ሄግ ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን ቤት መጥታ ነበር።

ሰዎቹን አንድ በአንድ የቆጠርኩት ዛሬ ስጽፍ አይደለም። ያኔም ቆጥሬያቸዋለሁ። የሚታኘክ ነገር ባለበት ቦታ ሰው መቁጠር ልማዴ ነው። ማን የራሱ ጥርስ አለው፣ ማን የተገጠመለት ነው፣ ማን ሲውጥ ያስለዋል፣ ማን እየሳቀ ይበላል። የሚስቀው ነው የሚያስፈራኝ። ነርሶቹ ደረቅና የሚያጣብቅ ነገር የማይሰጣቸውን ሰዎች የጻፉበት ወረቀት አለ። ያን ወረቀት ጠዋት ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ ስማቸው ለተጻፈው ሦስት ሰዎች ፎቅ ላይ ፑዲንግ አስቀርቤላቸው ነው የወረድኩት። እኔ ስድስተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት፤ ወረቀት ግን አስተውዬ አነባለሁ።

ነገሩ የቶፊ ቀን ነበር። በእኛ አገር ሁሉም ከረሜላ ነው፤ ቶፊ የሚሉት ግን ያን የሚታኘከውን፣ ከስኳርና ከቅቤ የሚሠራውን፣ ጥርስ ይዞ አልለቅም የሚለውን ነው። የፕሮግራሟ ልጅ በስልኳ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምግብ የሚመድብ የቀን መቁጠሪያ አግኝታለች። የሾርባ ቀን አለ፣ የፓንኬክ ቀን አለ፣ ለሽንኩርት እንኳ ቀን ተሰጥቶታል። ለአዛውንቶቹ ስታነብላቸው ቶፊ ላይ ስትደርስ ሁሉም ቀና አሉ፣ አስተማሪው ሳይቀሩ ነቁ አለችኝ። በዚሁ ተወሰነ።

እኛ በዓል ስንል ዋዜማ አለው፣ ጾም አለው፣ ታቦት አለው። ይሄኛው ድስትና ስኳር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን አብራኝ ለምታገለግል ጓደኛዬ ብነግራት፣ ስለቱ ምንድን ነው፣ ጥርስ ነው የሚሰጠው ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ማንንም የማያጣላ በዓል ነው። ቀኑም ማክሰኞ ስለሆነ የቅቤው ነገር አላስጨነቀኝም።

ሥራዬ ጽዳት ቢሆንም የዚያን ቀን ቆራጭ ልሁን ብዬ የጠየቅኩት ራሴ ነኝ። ሌላ ሰው ቢቆርጠው በትልቁ ይቆርጠዋል። ከቤቴ መቀሴን ይዤ መጣሁ። ትልቅ፣ ከባድ፣ እጀታው ጥቁር ቀለም የነበረውና ቀለሙ የለቀቀ የልብስ ሰፊ መቀስ ነው። በፈላ ውሃ ቀቅዬ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ በንጹሕ ፎጣ ላይ አስቀመጥኩት። ልጄ አይታው በቁሟ ቀዘቀዘች።

ይሄ መቀስ ቤታችን ውስጥ ታሪክ አለው። ልጄ ትንሽ ሳለች ወይን ፍሬ በዚህ ቆርጬ ነው የሰጠኋት። ቋሊማ፣ ፓስታ፣ የደረቀ ተምር፣ ሁሉንም። ጓደኞቿ ልደቷ ላይ መጥተው ሙጫ የመሰሉትን የድብ ቅርጽ ያላቸው ከረሜላዎች ስቆራርጥ አይተው ለአንድ ወር ስቀውባታል። አሁንም ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ማም፣ ዱ ኖርማል» አለችኝ። ልጆቻችን ‘ኧረ እንደ ሰው ሁኚ’ ለማለት ነው እንዲህ የሚሉት። እንደ ሰው ነኝ አልኳት። ሾርባም በመቀስ ነው የምትቆርጪው ብላ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ለእኔ የቆሙልኝ የከረሜላ ነጋዴው ልጅ ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበራቸው ተጠግተው መቀሱን አነሡና በእጃቸው መዘኑት። አባታቸውም ቶፊ በመቀስ ነበር የሚቆርጡት። ቢላ ይሰባብረዋል፣ ለመቀስ ግን ይታዘዛል አሉ። ከዚያ በኋላ የዚያ ጠረጴዛ አዛዥ እሳቸው ሆኑ። ልጄ ወንበራቸውን እየገፋች «አንቺ ወዴት ልውሰድሽ» ስትላቸው እኔ ከማዶ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። እዚህ አገር የተወለደ ወይም ያደገ ልጅ ለትልቅ ሰው የሚሆነውን ቃል ያውቀዋል፣ ግን ሲቸኩል ይጥለዋል። ሜፍራው ግን ደስ አላቸው። ለስንት ዓመት አንቺ ያለኝ የለም አሉ።

ስኳሩ፣ ቅቤውና ሽሮፑ ድስት ውስጥ ገባ። ሱሪናማዊቷ ባልደረባዬ ቴርሞሜትር ይዛ መጥታ ነበር፤ ሜፍራው እጃቸውን አወናጭፈው አባረሩት። ቶፊ የሚለካው በዓይንና በቀዝቃዛ ውሃ ነው አሉ። ከሚፈላው ላይ ጠብታ ወስዶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ከተበተነ ገና ነው። ኳስ ሆኖ በጣት ሲጫኑት እሺ ካለ ደርሷል። ኳሱ ጠጥሮ እምቢ ካለ አልፏል፤ ያ ጥርስ ይሰብራል። ይህን ሲናገሩ እኔ ሽሮ ሳማስል የማደርገውን ነገር ነው የሚናገሩት መሰለኝ። የእኔም እናት ሰዓት ዓይታ ወጥ አውርዳ አታውቅም።

ሲደርስ ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ፈሰሰ፤ ሲበርድ ደግሞ መሳብ ተጀመረ። ይሄ ነው የበዓሉ ጨዋታ። እጅ ቅቤ ይቀባል፣ ሁለት ሰው አንድ ጫፍ አንድ ጫፍ ይዞ ይስባል፣ ያጥፋል፣ እንደገና ይስባል። ቡኒ የነበረው እየነጣ፣ እያብረቀረቀ ይሄዳል። ልጄና መርከበኛው ሜኔር አንድ ወገን ሆኑ፤ ባልደረባዬና የፕሮግራሟ ልጅ ሌላ ወገን። ሁለቱ የማይዛመዱ እህትማማቾች ዳኛ ሆኑ፤ ለማን እንደሚፈርዱ ግን ገና ሳይጀመር ተስማምተው ነበር። ሜኔር ልጄን እንደ መርከብ ገመድ ሳቢ፣ እንደ ሐር ክር ግን አስቢ ይሏታል። እሷም እየሳቀች ወደ ኋላ እየሄደች በሩ ጋ ደረሰች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር።

እኔ እየተሳበ የመጣልኝን እቆርጣለሁ። የባቄላ ፍሬ ያህል፣ አንዳንዱንም የአተር ያህል። ሜፍራው አይተው፣ «ይሄ ለሰው ነው ወይስ ለድንቢጥ?» አሉኝ። ለሰው ነው አልኳቸው፤ ሰውም ጉሮሮው ከድንቢጥ ብዙ አይሰፋም። ሳቁና ተዉኝ።

ነገሩ የተበላሸው እኔ ያልቆረጥኩት ቁራጭ ላይ ነው። ሜኔር ከሚስቡት ጫፍ ላይ እንቁላል የሚያህል በጥሰው ወደ አፋቸው ከተቱ። እኔ ዓይኔ መቀሱ ላይ ነበር። ቀና ስል ዝም ብለዋል። ፊታቸው ቀልቷል፣ አፋቸው ተከድኗል፣ አንድ እጃቸው መንጋጭላቸው ላይ ነው። የጠየቅኳቸው ነገር የለም። መቀሱን ጣልኩ፣ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብኩ፣ በአንድ ክንዴ ደረታቸውን ደግፌ ወደፊት አጎነበስኳቸው፣ በትከሻቸው መሃል በመዳፌ አንዴ መታኋቸው። ሁለተኛውን ስደግም አንድ ነገር ከአፋቸው ተወርውሮ ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ጧ ብሎ ወደቀ። የላይኛው ጥርሳቸው ነበር፤ ቶፊው እንዳለ እላዩ ላይ ተጣብቋል።

ሜኔር ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና፣ ያለ ጥርስ እየተንተባተቡ፣ «እኔ እኮ አልታነቅኩም። ጥርሴን እያባበልኩት ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ መጻፍ አልችልም። አስተማሪው ነቅተው ምን አመለጠኝ እያሉ ይጠይቃሉ። ሜኔር ጥርሳቸው እየታጠበላቸው፣ አርባ ዓመት በባሕር ላይ ስኖር ካፒቴን እንኳ እንዲህ አልመታኝም ብለው ለሁሉም ነገሩ። እኔንም እጄን ይዘው ጠንካራ ልጅ ነሽ አሉኝ።

አላፈርኩም። ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ። ያልታነቀን ሰው መምታት ስህተት ከሆነ፣ ስህተቴ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ይሁንልኝ።

ልጄ ግን አልሳቀችም። እጇ ላይ ቶፊው እንደተጣበቀ እኔን ታየኛለች። ትንሽ ቆይታ መጣችና፣ ሥራ ቦታ በሰጡሽ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኮርስ ላይ ነው ወይ ይሄን የተማርሽው አለችኝ። ኮርሱ ወረቀት ነው የሰጠኝ፣ እጄን ያስተማረችው ሌላ ሰው ናት አልኳት። ማን ናት ስትለኝ በኋላ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ያን ጊዜ ነው ሜፍራው አንድ ቁራጭ ቶፊ በሁለት ጣታቸው ይዘው ለልጄ የዘረጉላት። የሠራ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም አሏት። ልጄ ቶፊውን አላየችም፣ እኔን ነው ያየችው። ሰው ሁሉ ልጄ የሚታኘክ ከረሜላ አትወድም ብሎ ነው የሚያውቃት። እሷም እንደዚያ ነው የምትለው። አለመውደድን ያስተማርኳት ግን እኔ ነኝ፤ በቃል ሳይሆን በፊቴ።

ብዪ አልኳት። አፏ ውስጥ አደረገችው። እኔ ስታኝክ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት ደርሼ ነበር ስትውጥ። ከዚያ ሌላ ይጨመርላት ዘንድ እጇን ዘረጋች።

ገና ሳይመሽ፣ ሁሉም ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ፣ እኔና ልጄ ድስቱን ልናጥብ ወጥ ቤት ቀረን። የቶፊ ድስት ቶሎ አይታጠብም። የጠጠረው ስኳር በሙቅ ውሃ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። እሷ ውሃ ታፈላለች፣ እኔ በእንጨት ማንኪያ እፍቃለሁ። ‘በኋላ’ ያልኩት ሰዓት ይሄ ነው አለችኝ። እኔም ነገርኳት።

እዚህ አገር ስንገባ እሷ ሦስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ገና አልደረሰልንም። በስተሰሜን በኩል ያለ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል ለሁለት ቤተሰብ ሰጡን፤ ሌላው ቤተሰብ አንዲት ሴት ብቻ ናት። የደሴ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ከእኔ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እትዬ ነበር የምላት። ልጄን ሚሚዬ ትላታለች። የካምፑ ሰው ሱሪው ሲረዝምበት፣ ዚፑ ሲበጠስበት ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ማሽን የላትም፤ ያ ትልቅ መቀስና መርፌ ብቻ። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ምን ይሆን እያልኩ ጭንቀት ይዞኝ ምግብ ሳልበላ ስቀር በግድ የምታጎርሰኝ እሷ ነበረች። ልጄንም ከእኔ ይልቅ እሷ ነበረች የምታስቃት።

አንድ ቀን የሚረዱን ሰዎች ለልጆች ብለው ከረሜላ አመጡ። ቶፊ ነው፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም። እትዬ አልጋው ላይ ልጄን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንዱን ልጣ አጎረሰቻት። ልጄ ገና ማኘክ ጀምራ ነበር። እትዬ ሁለተኛውን ላጠች። እኔ ልብስ እያጠፍኩ፣ ገና የመጀመሪያውን አልዋጠችም እኮ አልኳት።

«አንድ ጉርሻማ ያጣላል» አለችኝና ሁለተኛውን አጎረሰቻት።

የልጄ ሳቅ ተቋረጠ። አላሳላትም፣ አላለቀሰችም፣ ምንም ድምፅ አልነበረም። ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ። እኔ የያዝኩትን ፎጣ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ለልጄ ሁሉን ነገር የምፈራ ሰው፣ የፈራሁት ሲመጣ እግሬ አልተንቀሳቀሰም። እትዬ ናት ገልብጣ ክንዷ ላይ ያስተኛቻት። እትዬ ናት በትከሻዋ መሃል በመዳፏ የመታቻት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። ሁለቱ ከረሜላ ተጣብቀው አብረው ወጡ። ልጄ ጮኸች።

ያን ጊዜ ነው እኔ የተንቀሳቀስኩት። ልጄን ነጠቅኳትና፣ በሩ ላይ የተሰበሰቡት ሴቶች ሁሉ እየሰሙ፣ «ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር። ሁለተኛ እንዳትነኪያት» አልኳት። እትዬ መዳፏን በቀሚሷ እየጠረገች ቆመች።

በማግስቱ ቢሮ ሄጄ፣ በስልክ በሚያስተረጉም ሰው በኩል፣ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ክፍል አልተኛም አልኩ። በሳምንቱ እትዬን ወደ ሌላ ካምፕ አዛወሯት። ያኔ ሰው ከካምፕ ካምፕ ይዛወር ስለነበር ምናልባት ያለ እኔም መሄዷ አይቀርም ነበር። ግን እኔ ጠይቄያለሁ። የሄደች ዕለት ጠዋት፣ እንዳንሰነባበት ብዬ ልጄን ይዤ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁ። ማሽኖቹ ባዶ ነበሩ፤ የማጥበው ነገር አልያዝኩም ነበር። አውቶቡሱ ሲሄድ ሰምቼ ነው የወጣሁት።

አልጋዬ ላይ የከረሜላው ከረጢት ተቀምጧል። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ከረሜላ ለአራት ተቆርጧል። እያንዳንዷ ቁራጭ ደግሞ እንዳትጣበቅ በራሷ ወረቀት ተጠቅልላለች። ከላዩ ላይ መቀሱን አስቀምጣበታለች። የእጅ ሥራዋን የምትሠራበትን፣ ያላትን አንድ መቀስ።

ከረሜላውን ጣልኩት። ይህን ለልጄ ስነግራት አልደበቅኩም። ሁሉንም ወደ ቆሻሻ ጣልኩት። መቀሱን ግን አልጣልኩትም፤ መቀስ ያስፈልግ ነበር።

ልጄ ውሃውን መቅዳት ትታ ድስቱን ታያለች። አልተቆጣችም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ መታነቅ አይደለም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ነው። እዚህ ያደገ ልጅ ይህን ከየት ያውቃል። ሰው አንዴ አጉርሰሽ ከተውሽ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል፣ ጠብ ያመጣል ይባላል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ይደገማል አልኳት። የምታፈቅሪው ከሆነ ሦስተኛም አለ።

አሰበችና፣ «ታዲያ እኮ ላለመጣላት ብላ ነው ሁለተኛውን ያጎረሰችኝ» አለች።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ስዞር በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም። ማንኪያውን አስቀመጥኩት።

ከዚያ አመሰገንሻት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላመሰገንኳትም አልኩ። የት ናት አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ልጄ እንደ እኔ ነገር አታብላላም። እንፈልጋት አለች። እኔም እንፈልጋለን አልኳት፤ ስናገረውም እንደምናገኛት እርግጠኛ ነበርኩ። አሁንም ነኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ሮተርዳም ዙይድ፣ የከተማዋ ደቡብ ሰፈር ነው። በዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ እየዞርን፣ የደሴ ልጅ፣ ረጅም፣ ልብስ ሰፊ እያልን ጠየቅን። ስም ስነግራቸው፣ በዚያ ስም የሚጠሩ ብዙ ናቸው አሉኝ። አንዲት እናት ግን አስታወሱ። የልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ ያሳጠረችላቸው እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ደረጃው ገደል ነው ልጄ፣ ቀሚሱን ይዤ ስወጣ ሁለቴ አርፌያለሁ አሉኝ። መቀሷ ትንሽዬ የወጥ ቤት መቀስ ስለነበረ በዚህ እንዴት ትሠሪያለሽ ብለው ጠይቀዋት፣ ትልቁን ለሰው ሰጠሁት አለቻቸው። ተውኩት ወይም ጠፋብኝ አላለችም። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ወደ ዛንዳም ለሥራ እንደሄደች ሰምተዋል፤ ሌላ አያውቁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በአምስተርዳም በኩል ዛንዳም ሄድን። በባቡሩ ውስጥ ልጄ ከቦርሳዋ ቶፊ አወጣች፤ ከሱቅ የገዛችው ነው። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። መቀስ አልያዝኩም ነበር። እሷ እያየችኝ በላሁት። ጥሩ ነው፣ ግን የሜፍራው ይበልጣል።

ዛንዳም ውስጥ ብስኩት በሚታሸግበት መጋዘን የምትሠራ አንዲት የአገራችን ልጅ፣ በጓደኛ ጓደኛ በኩል አግኝተን፣ ከሥራ ስትወጣ ጠበቅናት። ገና ሳልጨርስላት አወቀቻት። ሁለት ክረምት አብረው ሠርተዋል። ጎበዝ ነበረች፣ አትናገርም፣ ስትስቅ ግን አፏን በእጇ ሸፍና ብዙ ትስቃለች አለችን። እሷ ናት አልኩ። የእትዬ ሳቅ እንደዚያ ነው።

ልጅቷ ራሷ ጨመረችልን። በዕረፍት ሰዓት እትዬ ቆርቆሮ ዕቃ ከፍታ ከረሜላ ታድላቸዋለች። ሁሉም ከረሜላ ግን ተቆርጦ፣ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ቀልደውባታል፤ ከአንቺ ከረሜላ ይልቅ መድኃኒት ይተልቃል ብለዋታል። ለምን እንደምትቆርጠው ሲጠይቋት፣ ልማድ ነው ብላ ክዳኑን ገጠመች።

እኔ ቤቴ ውስጥ ለአሥራ ሦስት ዓመት ስቆርጥ፣ እሷም በዚያ ስትቆርጥ ኖራለች። ጥፋቱን ለእሷ አስይዤ የቀረሁ መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃቱንም ጭምር ነው ያስያዝኳት። ይህን ፍርሃት ላነሣላት ይገባል። እኔ ብቻ ነኝ የምችለው፤ ምክንያቱም ያቺ የታነቀች ልጅ አድጋ ያለችው እኔ ዘንድ ነው።

ከዛንዳም ወዴት ሄደች ብንል እዚያ ላይ መንገዱ ተቋረጠ። ልጅቷ አምስተርዳም ውስጥ አንዲት አሮጊት ልትንከባከብ ገባች ሲሉ ሰምታለች፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቤልጅየም ተሻግራለች ብሏታል። የነበራት ስልክ ቁጥር አይሠራም። ልጄ ሦስት ጊዜ ደወለች።

ወደ ሥራዬ ስመለስ ሜፍራው ጠየቁኝ፤ ልጄ ነግራቸው ኖሯል። ተስፋ ልቁረጥ እንዴ ብላቸው ተቆጡኝ። ጠብታው ውሃ ውስጥ ሲበተን ገና ነው ማለት እንጂ ተበላሸ ማለት አይደለም፣ እሳቱን አታጥፊ አሉኝ። መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። በደብተር ጻፍኩት፤ ጽሑፉን የሚያወጡልኝ ሰዎች ፊደሌን አርመውልኛል፣ ነገሩን ግን ማንም አልነካብኝም።

አሁን ይህን ለምታነቡ ሁሉ ልጠይቃችሁ። በስሟ የሚጠሩ ብዙ ስለሆኑ ምልክቷን ልንገራችሁ። ቁመቷ ረጅም ነው፤ የደሴ ልጅ ናት። በግራ እጇ አውራ ጣት ላይ የስፌት መርፌ የሰነጠቀው ጥፍር አላት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከረሜላ ስትሰጥ ለአራት ቆርጣ ነው። በአምስተርዳምም ሆነ በሌላ ቦታ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሥራ ቦታ፣ በደረጃ ላይ አይታችኋት ከሆነ፣ ሚሚ አድጋለች፣ ቶፊ ትበላለች፣ እናቷ መቀሱን ይዛ ትፈልግሻለች በሏት። ልትመጣ ባትፈልግ አልቀየማትም። ለእኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፦ የት ናት፣ ደህና ናት ወይ?